ለ2 ዓመት ልጅ ሙሉ ማደንዘዣ፤ ጎንደር ያላችሁ ወላጆችና ባለሙያዎች እስኪ ንገሩኝ

እመ ናቲ፣ ማራኪ | ሰኞ ከምሽቱ 2:40

እንዴት አመሻችሁ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው። በቀኝ ብሽሽቱ ሲያለቅስ ጉብ ብሎ የሚወጣ፣ ሲተኛ የሚመለስ እብጠት አለው። ሐኪሙ ዳሰሰና "ቡአ ነው፣ በኦፕራሲዮን ይጠገናል" አለን፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ተቀጥረናል። መቀደዱን ያን ያህል አልፈራሁትም። የፈራሁት ማደንዘዣውን ነው። አማቴ "ሕፃን ከደነዘዘ አእምሮው ይፈዛል፣ ፊደል አይገባውም" ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ እሱ እግሩ ሲሰበር እንዳደረጉለት ጀርባው ላይ ተወግቶ ከወገቡ በታች ብቻ ይደንዝዝ ባይ ነው። እኔ መሐል ቆሜ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ያለፋችሁበት ወላጆች፣ የሙያው ሰዎችም ካላችሁ፣ ሳትሸፋፍኑ ንገሩኝ።

ፋሲል ሰፈር | ሰኞ ከምሽቱ 3:05

እህቴ ምን አስቸኮለሽ? የእህቴ ልጅ እትብቱ ላይ ቡአ ነበረው፤ ማንም ሳይነካው ጠፋለት። ማደንዘዣው ላይም አማትሽ አልተሳሳቱም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ራሱ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አእምሮ ያሰጋል ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጎግል አድርጊው። ልጁ ይደግ፣ ያኔ ይሠራለታል።

ባለ ማስኩ | ሰኞ ከምሽቱ 4:20

እዚሁ ጎንደር ኦፕራሲዮን ክፍል ማደንዘዣ የምሰጥ ሰው ነኝ። ፋሲል ሰፈር ያነሳቸው ሁለቱም ነገሮች እውነት ናቸው፤ ለናቲ ግን አይሆኑም።

የእትብት ቡአ ብዙውን ጊዜ ልጁ 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሆነው በራሱ ይዘጋል፣ ስለዚህ ይጠበቃል። የብሽሽት ቡአ በራሱ አይዘጋም። አንጀት ገብቶበት ሊታነቅ ይችላል፤ ልጁ ባነሰ መጠን ስጋቱ ይብሳል። ታንቆበት በሌሊት ድንገተኛ የሚገባ ልጅ ሆዱ ተነፍቶ፣ እያስመለሰ፣ ከሰውነቱ ውኃ አልቆ ነው የሚመጣው። እሱን ማደንዘዝና በቀጠሮ የመጣ ጤነኛ ልጅ ማደንዘዝ ሰማይና ምድር ናቸው። "ይደግ" የሚለው ምክር ማደንዘዣውን አያስቀረውም፤ ወደ ክፉ ሰዓት ሊያዛውረው ይችላል እንጂ።

ማስጠንቀቂያው የወጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2016 ነው። የሚለውም ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ3 ሰዓት በላይ የሚወስድ ወይም የሚደጋገም ማደንዘዣ በሚያድግ አእምሮ ላይ ተጽዕኖ ሊኖረው ይችላል ነው። መነሻው በአብዛኛው በእንስሳት ላይ የታየ ነገር ነበር። የአንድ ወገን የብሽሽት ቡአ እንደ ወጉ ከሄደ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም። ይህንኑ ጥያቄ ለመመለስ ደግሞ ጋስ የተባለ ጥናት ተሠርቷል። በ7 አገሮች የሚገኙ፣ ለቡአ ኦፕራሲዮን የመጡ 722 ጨቅላዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ገሚሱ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጠው፣ ገሚሱ እንደነቃ ከወገብ በታች ብቻ ደነዘዘ። 5 ዓመት ሲሆናቸው አእምሯቸው ተመዘነ፤ ልዩነት አልተገኘም። ውጤቱ የታተመው በ2019 ነው። እነዚያ ልጆች ሲደነዝዙ የናቲን ሩብ ዕድሜ እንኳ አልደረሱም ነበር።

እመ ናቲ | ሰኞ ከምሽቱ 4:31

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለአማቴ አነብላታለሁ።

ባለ ማስኩ | ሰኞ ከምሽቱ 4:38

ዶክተር አትበይኝ፣ አንስቴቲስት ነኝ። በአገራችን አብዛኛውን ማደንዘዣ የምንሰጠው በዲግሪና በማስተርስ የሠለጠንን አንስቴቲስቶች ነን፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ያሠለጥናል። የሙያው ስፔሻሊስት ሐኪሞች አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ሐሙስ ልጅሽን የሚያደነዝዘው ማን እንደሆነ፣ ትንንሽ ልጆችን አዘውትሮ የሚሠራ መሆኑን መጠየቅ መብትሽ ነው። የሚቆጣሽ ሰው ካለ ችግሩ የእሱ ነው።

ፋሲል ሰፈር | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1:15

ጥናቱን አልካድኩም። ግን ወንድሜ፣ ያ ጥናት ከሜልቦርን የተመራ ነው። ሜልቦርንና ጎንደር አንድ ናቸው? እዚህ መብራት ይጠፋል፣ ኦክስጅን ያልቃል፣ ልክ የሆነ ማስክ ይጠፋል። ስለ አእምሮ ነግረኸናል። ስለ ሕይወትስ?

ባለ ማስኩ | ማክሰኞ ከቀኑ 7:50

አሁን ጥያቄው ቦታው መጣ። እኔም ብሆን የናቲ እናት ስለ ፊደል ሳይሆን ስለዚህ ብትጠይቅ ደስ ይለኛል።

በ2017 የወጣ፣ በ33 የአውሮፓ አገሮች ከ30,000 በላይ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት አለ። ያ ሁሉ መሣሪያ ባለበት እንኳ በማደንዘዣ ወቅት ከባድ የሚባል ችግር ከ100 በ5ቱ ላይ ገጥሟል፤ ከየትኛውም ችግር የበዛው የአተነፋፈስ ነው። ልጁ ባነሰ ቁጥር ጨመረ፣ የሚሠራው ሰው ልምድ በበዛ ቁጥር ቀነሰ። ወደ እኛ ስትመጣ በ2024 የታተመ፣ 31 የአፍሪካ አገሮችን ያካተተ ጥናት አለ፤ ከ8,600 ገደማ ሕፃናት ውስጥ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሞቱት ከ2 በመቶ ትንሽ በለጡ። ይህ ቁጥር የማደንዘዣ ብቻ አይደለም፤ ድንገተኛውም፣ ዘግይቶ የደረሰውም፣ ኢንፌክሽኑም አለበት። በቀጠሮ ለቡአ የሚመጣ ጤነኛ ልጅ ዕድሉ ከዚያ እጅግ የተሻለ ነው። ግን ፋሲል ሰፈር ልክ ነው፣ ልዩነት አለ። አልሸፋፍንም።

ሰው የሚፈራው መድኃኒቱ ጠንክሮ ልጁ ሳይነቃ እንዳይቀር ነው። እኔ የምፈራው ትንፋሹን ነው። ትንሽ ልጅ ለኪሎው ሲሰላ ከአዋቂ እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይበላል፤ ሳንባው ውስጥ የሚያስቀምጠው ደግሞ ጥቂት ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ጠግቦ ትንፋሹ ቢቆም፣ ጎረምሳ 6 ደቂቃ ያህል ሳይወርድ ይቆያል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ናቲ በሚገኝበት ዕድሜ ከ2 ደቂቃ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ለዚህ ነው ጣቱ ላይ የምትሰካው ያቺ ትንሽ መቆንጠጫ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ከሁሉ በፊት የምትገባው። እያንዳንዱ የልብ ምት "ጢጥ" ይላል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁ እየወፈረ ይወርዳል። ዓይኔ ማስኩ ላይ ሆኖ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው። ያ ድምፅ ሲወርድ የሰማ አንስቴቲስት ቁጥሩን ለማየት አይዞርም፤ እጁ ቀድሞ መንጋጋ ያነሳል።

(ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ጤነኛ ልጅም ባሕር ዳርቻ ካለ ልጅ አንድ ሁለት ነጥብ ዝቅ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። ኦክሲሜትሩ ላይ 96 በመቶ አይታችሁ አትደንግጡ።)

የመብራቱ ነገር፦ ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተርም፣ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ባግም አለ። ባጉ መብራት አይፈልግም። ሳይኖረን የማንጀምረው ነገር እሱ ነው።

የደባርቁ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1:30

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ልጄን ለከንፈር መሰንጠቅ ነበር ያመጣሁት። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪናው፣ አልጋው፣ የእናትየውና የእኔ ምግብ፣ የተተወው አውድማ፣ ሁሉም ገንዘብ ነው። ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደርሰን "ሳል አለው፣ ሦስት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ" ተብለን ተመለስን። ሁለተኛ ስንመጣ ወረፋ ላይ ያሉት አስታማሚዎች "ሳል አለው ካልክ ይመልሱሃል፣ ዝም በል" ይሉኝ ነበር። አሁን የምጠይቀው፣ ሳል ለዚህ ሁሉ የሚያደርስ ነው ወይስ እናንተ እንዳትጠየቁ ነው?

ባለ ማስኩ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3:00

ጥያቄዎ ከአንጀቴ ገብቷል፣ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጉሮሮ ውስጥ፣ የትንፋሽ ቧንቧ አፍ ላይ፣ ሁለት የድምፅ ገመዶች አሉ። ውኃ ሲገባብን የሚያስለን፣ ግጥም ብለው የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ጉንፋን የያዘው ልጅ እነዚህ ገመዶች ተቆጥተው ነው ያሉት። ልጁ ገና ሳይጠልቅ ወይም ሊነቃ ሲል ጠብታ አክታ ብትነካቸው ይዘጋሉ፣ አይከፈቱምም። ላሪንጎስፓዝም እንለዋለን። ከውጭ ሲታይ ደረቱ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ሆዱ ይነሳል፣ አየር ግን አይገባም፤ ድምፅም የለም። ያን ጊዜ ማስኩን አጥብቀን ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት እንሰጣለን፣ መንጋጋውን ወደ ፊት እንገፋለን፣ ካልሆነ ማደንዘዣውን በደም ሥር እናጠልቃለን፣ እሱም ካልሆነ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት እንወጋለን። አብዛኛው ይከፈታል። ግን ያንን ደቂቃ የቆጠረ ሰው በጉንፋን አይደራደርም።

ሁሉም ጉንፋን ግን አንድ አይደለም። ጥርት ያለ ንፍጥ ብቻ ያለው፣ የሚጫወት፣ የሚበላ፣ ትኩሳት የሌለው ልጅ ልምድ ባለው ሰው ሊሠራ ይችላል። ትኩሳት ካለው፣ ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ሳሉ እርጥብ ከሆነ፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ሊጠብቅ የሚችል ኦፕራሲዮን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆያል። ሳሉ ቢጠፋም የመተንፈሻው መቆጣት ሳምንታት ይቆያልና ነው። የሚደብቅ ወላጅ የሚያታልለው እኔን አይደለም። እኔ ሳሉን ካወቅሁ ጡንቻ የሚያላላውን መድኃኒት በመርፌ ስቤ፣ ሁለተኛ ሰው ጠርቼ እገባለሁ። ካላወቅሁ ባዶ እጄን ነኝ።

የመንገዱን ወጪ በተመለከተ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ቀጠሮው ላይ ስልክ ተጽፎ ሊሰጠው ይገባል፤ ከመነሳቱ በፊት ባለው ቀን ደውሎ "ልጁ ያስለዋል፣ ልምጣ?" ብሎ ቢጠይቅ ሁላችንም እናርፍ ነበር። ስልክ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። ደባርቅ ላይም ከመሳፈራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ደረቱን አስደምጡት።

ነርስ ከአዘዞ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3:40

አንድ ልጨምር። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ የልጁ መተንፈሻ የመዘጋቱ ነገር ከፍ እንደሚል የታወቀ ነው። እኛ ጋ ሲጋራው ያንሳል፤ የማጀት ጭስ ግን አለ። ልጅ አዝሎ እንጀራ መጋገር ከኦፕራሲዮኑ በፊት ባሉት ሳምንታት ቢቀር ጥሩ ነው።

ደግሞ እንጥል! እንጥሉ ከተቆረጠ ንገሩን፤ ነውር ብላችሁ አትደብቁ። ሰሞኑን የተቆረጠ ከሆነ ደም ፈሶት ሊሆን ይችላል፣ ቁስሉም ያመረቅዛል፤ ጉሮሮው የኛ መግቢያ ነው። ከመተማና ከሁመራ በኩል የምትመጡም፣ ልጁ ትኩሳት ሲመላለስበት ከከረመ፣ ከከሳና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ወባውና ካላዛሩ መጀመሪያ ይመርመር። ቡአው ይጠብቃል።

አያት ነኝ | ረቡዕ ከጠዋቱ 3:10

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ልጆቼ፣ ሕፃን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም አይቅመስ የሚሉት ምን የሚሉት ነው? ቤተ ክርስቲያን እንኳ 7 ዓመት ሳይሞላው አታስጾመውም። ሌሊት ሲያለቅስ ትንሽ አብሽ ቢሰጡት ምን ይጎዳዋል? ጠበልስ? ማተቡንስ ይበጥሱበታል?

ነርስ ከአዘዞ | ረቡዕ ከቀኑ 6:20

እማማ፣ ጥያቄዎ የብዙ እናት ጥያቄ ነው፣ እንኳን ጠየቁ። ሰው ሲደነዝዝ የሚያስለው፣ የሚያስውጠው ነገር አብሮ ይተኛል። ሆዱ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ቢመለስ ቀጥ ብሎ ሳንባ ነው የሚገባው። ለዚያ ነው እንጂ ልጁን ለማስራብ አይደለም።

ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሁሉም ነገር የሚለው የድሮ ነው። ኦፕራሲዮኑ ጠዋት 2 ሰዓት ቢሆን እንዲህ ያስሉት። ምግብ፣ የላም ወተትና የጣሳ ወተት 6 ሰዓት ስለሚፈልጉ ከሌሊቱ 8 በኋላ የለም። የእናት ጡት 4 ሰዓት ነው፤ እስከ ሌሊቱ 10 ይጥባ። ውኃ፣ ወተት የሌለው ስኳር ያለበት ቀጭን ሻይ 2 ሰዓት ብቻ ነው፤ እስከ ንጋቱ 12 ይጠጣ፣ እንዲያውም ቢጠጣ ይሻለዋል። በአውሮፓ አዲሱ መመሪያ ውኃውን እስከ 1 ሰዓት አውርዶታል፤ እናንተ ግን የነገሯችሁን ሐኪም ሰዓት ያዙ። አብሽና አጥሚት እንደ ምግብ ይቆጠራሉ። ቅቤ ካላሱት ደግሞ 8 ሰዓት ነው፣ ቅባት ከሆድ ቶሎ አይወጣም። ጠበል ውኃ ነው እማማ፣ በውኃው ሰዓት ጥቂት ይስጡት፤ አመድ ወይም እምነት የተበጠበጠበት ከሆነ ግን ይቅር። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ሌላም የቤት መድኃኒት ከቀመሰ ንገሩን፣ ማንም አይቆጣም።

ማተቡን ማንም አይበጥሰውም። አንገቱ አካባቢ ቱቦና ፕላስተር ስለሚበዛ ቀድማችሁ ፈታችሁ እጁ ወይም እግሩ ላይ እሰሩለት። ክታቡ ቆርቆሮ ወይም ብር ከሆነ አስታማሚ ይያዝ፤ ደም የሚያቆመው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከብረት ጋር አይስማማም። እንሶስላ ከሞቀም ለባለሙያው አሳዩት፤ ቀለሙ የጣቷን መቆንጠጫ እንዳያወናብድ ሌላ ቦታ ይሰካታል።

አንድ የሰዓት ነገር አለ። ወረቀት ላይ "ከ8 ሰዓት በኋላ ምንም አይውሰድ" ተብሎ ከተጻፈ በኛ ነው በፈረንጅ ብላችሁ ጠይቁ። በኛ የሌሊቱ 8 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ የምሽቱ 2። ስድስት ሰዓት ይለያያል። በኛ ሰዓት የተጻፈለት በፈረንጅ ከገመተ ልጁ በከንቱ ተርቦ ያድራል። በፈረንጅ የተጻፈለት በኛ ከገመተ ደግሞ ልጁ ሆዱ ሙሉ ሆኖ ይመጣል።

ከቆላ ድባ | ረቡዕ ከምሽቱ 1:00

ይሄ ሁሉ ለሚሰማው ነው። በአንድ ሆስፒታል፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጄ ከማታ ጀምሮ ሳይቀምስ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆየ። አዋቂዎቹ በፊቱ እየገቡ። ከንፈሩ ደርቆ፣ ለቅሶው ራሱ ድምፅ አጥቶ ነበር። ስንጠይቅ "ዝግጁ ሁኑ፣ አሁን ይገባል" ነው መልሱ። የስድስት ሰዓት ሕግ ካለ ከላይም ወሰን ሊኖረው አይገባም?

ባለ ማስኩ | ረቡዕ ከምሽቱ 2:15

ይገባል። ትንሽ ልጅ ስንቁ ትንሽ ነው። ብዙ ሲቆይ ስኳሩ ይወርዳል፣ ውኃው ይጎድላል፣ የደም ሥሩ ይጠፋል፤ ከዚያ በአራት ቦታ ሲወጋ ታያላችሁ። የማደንዘዣ ጋዙ በራሱ የደም ግፊት ያወርዳል፤ ውኃ የጎደለበት ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ትክክለኛው አሠራር በዕለቱ ዝርዝር ላይ ሕፃናትን ማስቀደም፣ ታናሹን ከሁሉ በፊት ማስገባት ነው። ይህ ዶላር አይፈልግም፣ እርሳስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለወላጅ የምመክረው፣ ተራው ሲንሸራተት "ስንት ሰዓት ይቀረዋል፣ ውኃ ልስጠው?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሳይጠይቁ ግን አይስጡ፤ በድንገት ሊጠራ ይችላል።

በነገራችን ላይ እመ ናቲ፣ የባለቤትሽ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። የ2 ዓመት ልጅ ነቅቶ፣ ታጥፎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥም። በጀርባ ብቻ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ለጨቅላ ነው፣ በተለይ ያለ ጊዜው ተወልዶ ትንፋሹ ለሚያሰጋ። ለናቲ የሚሻለው ሁለቱም ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ ከተኛ በኋላ ከመቀመጫው በላይ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ማደንዘዣ ይወጋል። ኮዳል ይባላል። ከነቃ በኋላ አራት አምስት ሰዓት ሕመሙን ይይዝለታል፣ የጋዙንም መጠን ያስቀንሳል። ለጥቂት ሰዓት እግሩ ቢዝል፣ ቆሞ ቢወድቅ አትደንግጡ። ይዛችሁ ቆዩ።

ከቆላ ድባ | ረቡዕ ከምሽቱ 2:40

የኔን ልጅ በመርፌ ነው ያስተኙት፣ ኬታሚን ብለው። በበሩ ስንጥቅ ሳየው ዓይኑ ተገልጦ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ነቅቶ እየቀደዱት መስሎኝ በሩን ልሰብር ነበር።

ባለ ማስኩ | ረቡዕ ከምሽቱ 3:10

ኬታሚን ነው እንዲህ የሚያደርገው። ዓይን ይገለጣል፣ ኳሱ ይንቀጠቀጣል፣ አያይም አይሰማምም። ወላጅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር። ከ1970 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው፤ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚጠብቅ ማሽን በሌለበት ሁሉ የኛ አገር ባለውለታ ነው። ምራቅ ያበዛል፤ ለዚያ አትሮፒን አብረን የምንሰጥበት ጊዜ አለ። ሲነቁ ሊያስቃዣቸውም ይችላል። ጋዝ ባለበት ደግሞ ሴቮፍሉሬን ለልጅ ይመረጣል፤ ሽታው አያንቅም፣ ቶሎ ያስተኛል። ሃሎቴንም ለሽታው ጥሩ ነው፣ ግን የልብ ምት ያወርዳል፤ እሱን ሲጠቀሙ ዓይን ከልቡ ላይ አይነሳም።

ከየትኛውም በላይ ግን ኪሎውን! እያንዳንዷ ጠብታ በኪሎ ነው የምትሰላው። በጋቢና በጫማ የተመዘነ የ10 ኪሎ ልጅ 12 ሆኖ ይጻፋል። ራቁቱን አስመዝኑት፣ ቁጥሩን ራሳችሁ ያዙት።

እመ ናቲ | ረቡዕ ከምሽቱ 4:00

11 ኪሎ ከ800 ነው፣ ዛሬ አስመዘንኩት። ከነቃ በኋላ ያለውንም ንገሩኝ። መቼ ነው የማቅፈው? መቼ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?

ነርስ ከአዘዞ | ሐሙስ ከጠዋቱ 2:30

የምሠራው ሪከቨሪ፣ ከማደንዘዣ የሚነቁበት ክፍል ነው፣ ይሄ የኔ ነው። ሲነቃ ሊጮህ፣ ሊራገጥ፣ አንቺን እንኳ ላያውቅሽ ይችላል። በናቲ ዕድሜ ያሉት ላይ ይበዛል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በታች ያልፋል። አትታገዪው፤ እንዳይወድቅ ያዢው፣ ድምፅሽን አሰሚው። ፀጥ ያለውን ነው እኔ ደጋግሜ የማየው። እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ በጎኑ ይተኛ፣ ፊቱ ይታይ።

ከሁሉ በላይ እንዳታዝዪው። የዕለቱን ምሽት በአንቀልባ ታዝሎ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ፣ ነጠላ ተደርቦበት የሚሄድ ልጅ የአየር መንገዱ ይታጠፋል፤ እናቱ ደግሞ አታየውም። ብርድ ቢሆንም ፊቱን ወደ አንቺ አድርገሽ እቀፊው። እስኪገባ ድረስም አልብሺው፤ ትንሽ ልጅ ሙቀቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ቆብ አትርሺ።

ያለ ጊዜው የተወለደ ጨቅላ ከሆነ በዕለቱ አይሸኝም፤ ትንፋሹ በእንቅልፍ ሊቋረጥ ስለሚችል ቢያንስ ሌሊቱን በሞኒተር ያድራል። ናቲ ግን ከጠጣ፣ ካላስመለሰ፣ ከሸናና በደንብ ከነቃ በዕለቱ ሊሸኝ ይችላል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ። ለ12 ኪሎ 180 ሚሊግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር 120 የሚለው ሲረፕ ከሆነ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ 250 የሚለው ከሆነ ግን 3.6 ብቻ። ሁለቱም ገበያ ላይ አሉ፣ ጠርሙሱን ሳታነቡ አትቅዱ። ከአባትየው የተረፈ ትራማዶልና ኮዴይን ደግሞ ፈጽሞ! ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ በ2017 በአሜሪካም የተከለከለው ለዚህ ነው።

ፋሲል ሰፈር | ሐሙስ ከምሽቱ 1:20

ባለ ማስኩ፣ ክርክሬን አልተውኩም፣ ግን አንድ ልጠይቅ። ወላጅ በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉ በደንብ የተዘጋጀ መሆኑን በምን ያውቃል?

ባለ ማስኩ | ሐሙስ ከምሽቱ 2:00

ውስጡን አያይም። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የኦፕራሲዮን ማረጋገጫ ዝርዝር አለ። ከማደንዘዣው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፦ ይህ ልጅ ማነው፣ በየትኛው ወገን ነው የሚሠራለት፣ ፐልስ ኦክሲሜትሩ ተሰክቶ እየሠራ ነው ወይ፣ አለርጂ አለው ወይ፣ ለልጅ ደግሞ በኪሎ ከ7 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ይፈሳል ወይ። ስለዚህ ስሙንና ቀኝ ግራውን ሦስት ሰው ቢጠይቅሽ "ቅድም ነግሬያለሁ" ብለሽ አትናደጂ፤ ደግሞ መጠየቅ የሥራው ደንብ ነው። ማንም ሳይጠይቅሽ ልጁን ተቀብሎሽ ከገባ ግን አንቺ ጠይቂ። "ኦክሲሜትር አለ? ከጅምር እስከ መንቃት ከልጄ ራስ የማይለይ ሰው ማነው?" እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። አንድ ሰው ሁለት ክፍል የሚሮጥበት ቦታ ከሆነ ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ቀን ቢለወጥ ይሻላል። ይህን ስል የሚያኮርፉኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

እመ ናቲ | እሑድ ከምሽቱ 3:15

አማቴን በጋሱ ጥናት ሳይሆን በማተቡ ነው ያሳመንኳት፣ የነርሷን መልስ ደጋግማ አስነበበችኝ። አሁን ግን ሌላ ጭንቀት። ናቲ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ንፍጥ አለው። ጥርት ያለ ነው። ትኩሳት የለውም፣ ቅድም ፍርፍሩን ጨርሶ ሲሮጥ ነበር። ሌሊት ሁለት ጊዜ ደረቅ ሳል ሰማሁ። ሐሙስ ይቅር ወይ?

ባለ ማስኩ | እሑድ ከምሽቱ 3:50

ገና አራት ቀን አለ፣ ከዚህ ሆኜ ይቅር ወይም አይቅር አልልም፤ ደረቱን ያላደመጠ ሰው አይወስንም። ነገ ጠዋት ቀጠሮ የሰጡሽን ክፍል ደውዪና ልክ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው፣ የሌሊቱን ሳልም ጨምሪ። ረቡዕ አምጥተሽ አስደምጪው። ማራኪ ቅርብ ነሽ፣ መመለስ አይከብድሽም። እስከዚያ ትኩሳቱን ጠዋትና ማታ ለኪ፣ ንፍጡ ወደ ቢጫ ከሄደ ረቡዕን አትጠብቂ፣ ደውዪ።

የደባርቁ | እሑድ ከምሽቱ 4:05

እመ ናቲ፣ ስልኩን ካገኘሽ የክፍሉን ቁጥር በውስጥ መስመር ላኪልኝ። የኔም ልጅ ቀጠሮው ደርሷል።